«ትንሽ አሟታል» በጣሊያንኛ

ጡረታ ያወጣኝ መንግሥት አይደለም፤ ስልክ ነው። መንግሥት ቢሆን ኖሮ ለስላሳ ተገዝቶ፣ አንድ ሰው ብድግ ብሎ ስለ ታታሪነቴ ይዋሽልኝ ነበር። ስልክ እንዲህ ያለ ይሉኝታ የለውም። ሐዋሳ ፒያሳ፣ ከፎቶ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ መስኮት ሥር ተሰቅሎ የኖረውን «ከእንግሊዝኛ ወደ ጣሊያንኛ እንተረጉማለን» የሚለውን ታፔላ በገዛ ካቻቢቴዬ ፈትቼ ሳወርደው፣ ከኋላው የከረሙት ድንቢጦች ከነልጅ ልጆቻቸው ብር ብለው የፒያሳን ሰማይ አጨለሙት። እኔ ግን ገና ሃምሳዎቹ ውስጥ ነኝ፤ ጥርሴም ሙሉ ነው፤ ከአንዱ በስተቀር።

ሰው ሥራዬን ሲሰማ ይስቃል። «ሐዋሳ ተቀምጠህ እንግሊዝኛን ወደ ጣሊያንኛ? ማንን ልትጠቅም?» ይለኛል። «አንተ ራስህ ጣሊያንኛ ውስጥ እኮ ነው የምትኖረው» እለዋለሁ። «መኪናህን ላቫጆ ታሳጥባለህ፣ ፍሪሲዮን ታሠራለህ፣ ኮፋኖ ትዘጋለህ፣ ማርሚታህ ሰፈሩን እየቀሰቀሰ ቤትህ ትገባና ላቫንዲኖ ላይ እጅህን ትታጠባለህ። ከዚያ ጣሊያንኛ አልችልም ትለኛለህ!» ደንበኞቼ ግን የምር ደንበኞች ነበሩ። ለትምህርት የሚሄድ ተማሪ አለ፤ ሽማግሌ ለመንከባከብ የተቀጠረች ነርስ አለች፤ ከእንግሊዝኛ ካታሎግ መርጦ ከጣሊያን መለዋወጫ የሚያዝ ነጋዴ አለ፤ በማደጎ የሄደ ልጃቸውን የሚናፍቁ ቤተሰቦች አሉ። ክፍያው በገጽ ነበር። ከዚህ በላይ ስለ ገንዘብ አላወራም፤ ባለቤቴም ይህን ታነብበዋለች።

በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ ደንግጫለሁ። ሁለቱ ድንጋጤዎች ግን እስከ ዛሬ ከላዬ አልወረዱም፤ ሁለቱንም ያመጡብኝ «ትንሽ አሟታል» የሚሉት እነዚያው ሁለት ቃላት ናቸው።

ሥራ የጀመርኩት በጉድጓድ ውኃ ቁፋሮ ፕሮጀክት ነው። ጣሊያንኛውን በልጅነቴ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲስተሮች ለቃቅሜዋለሁ። አለቃዬ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነበር፤ ድምፁ ከማሽኑ ይልቅ መሬት ይበሳል። የመለዋወጫው ዝርዝር በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ እኔ ወደ ጣሊያንኛ እመልስለታለሁ። ለእኔ ያኔ ብሎን ብሎን ነው። በዝርዝሩ ላይ የነበረውን የብሎን ዘር ማንዘር በአንድ ቃል ጠቅልዬ ሰጠሁት። ሰውዬው ወረቀቱን አየ፤ እኔን አየ፤ ከዚያ አንድ ሣጥን ሙሉ ብሎን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው።

«የትኛው?» አለኝ።

ክው አልኩ። ብሎን እንደ ሰው መልኩ ብዙ መሆኑን ያን ቀን አየሁ። አንዱ ጭንቅላተ ሰፊ፣ አንዱ አንገተ ረጅም፣ አንዱ ጥርሰ ሻካራ ነው፤ አንዱማ የአጎቴን ልጅ ቁርጥ።

ከዚያ የብሎን ክምር ውስጥ ጎትተው ያወጡኝ ጋሽ ዘርይሁን ናቸው። የፕሮጀክቱ ዋና ተርጓሚ ነበሩ፤ ከሰሜን በመንግሥት ሥራ መጥተው ሐዋሳ ላይ የቀሩ፣ ከረባታቸውን ገላቸውን ሲታጠቡም የሚያወልቁት የማይመስል ሰው። «ና ልጄ፣ መዝገበ ቃላቱን እዚያው ተወውና ተከተለኝ» አሉኝ። ጋራዥ ወሰዱኝና ዕቃውን አንድ በአንድ መዳፌ ላይ አስቀመጡት። «ክብደቱን እወቅ። ያልጨበጥከውን ነገር ስሙን አትጥራ።»

ይህ ቀልድ አልነበረም፤ የሥራ ሥርዓታቸው ነው። ስለ ዳቦ ማሽን የሚያወራ ጽሑፍ ሲመጣ ዳቦ ቤት ሄደን ሊጥ ውስጥ እጃችንን ከተን ተመለስን፤ የእኔ ጣት ሳምንቱን ሙሉ ሲቦካ ከረመ። ስለ ሆስፒታል አልጋ ሲመጣ ተኝተንበታል። ስለ ንብ ቀፎ ሲመጣ ግን አሞኛል ብዬ ቀረሁ፤ እሳቸው ፊታቸው እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ ተመለሱ፤ ትርጉሙ ግን ማር ነበር።

ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ፒያሳ ላይ ቢሮዋን ከፈቱና እኔን ወሰዱኝ። ክፍሏ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛና አራት ወንበር ነበሩ፤ አንዱ ግን ማንም አይቀመጥበትም። ደንበኛ ሊቀመጥበት ሲል ጋሽ ዘርይሁን «ይቅርታ፣ ተይዟል» ይላሉ። ደንበኛው ዙሪያውን ያያል፤ ማንም የለም። እኔ እንዳይሸሽብን «ጋሼ ዘመድ እየጠበቁ ነው» እላለሁ።

ወንበሩ የአንባቢው ነው። ትርጉሙን ሲጨርሱ መነጽራቸውን ወልውለው፣ ወደ ወንበሩ ዞረው፣ በጣሊያንኛ ከላይ እስከ ታች ያነቡለታል። ከዚያ ዝም ብለው ያዩታል።

«አሼ» ይሉኛል፣ «ሰውዬው አንብቦ ተነሳ። አሁን ወዴት ይሄዳል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ? ምሳው ደርሶ ይሆናል።»

«ነጋዴያችን የሚፈልገው ዕቃው ቶሎ እንዲጫንለት ነው። ሰውዬው ግን ደብዳቤውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ቤቱ ሄደ፤ የሚያጣድፍ ነገር አላየበትም። ቃሉ ትክክል ነው፤ መንገዱ ትክክል አይደለም። እንደገና እንሥራው።»

እኔ በልቤ ሰውዬው ለይቶላቸዋል እል ነበር። ዓይናቸው ሲደክም ቢሮውን ለእኔ ትተው እዚያው ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ወደሚገኘው ቤታቸው ገቡ። ወር ሳይሞላ ፕሪንተር ገዛሁ። የት ላስቀምጠው? ዞር ብል ያ ወንበር ባዶውን ቁጭ ብሏል። ልክክ አለበት፤ ተለክቶ የተሠራለት ይመስል።

ወይዘሮ አስቴር ወደ ሕይወቴ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። የመጡት በወንድማቸው በኩል ነው፤ ወንድማቸው ደግሞ ሌላ ማንም ሰው ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፤ መምህር ማርቆስ ናቸው። እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ የወረወሩብኝ ጠመኔ ቢሰበሰብ አንድ ቤት ኖራ ይቀባል። የእህታቸው ልጅ ዳዊት በሕፃንነቱ በማደጎ ጣሊያን ሄዶ፣ እዚያ ዳቪዴ ተብሎ አድጓል። ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ፈልጎ ፈልጎ እናቱን አገኘና በኢሜይል መጻጻፍ ጀመሩ። እሱ ከጣሊያንኛ በቀር አያውቅም። እናቱ ሲዳምኛና አማርኛ ይናገራሉ።

«መምህር» አልኳቸው፣ «አማርኛውን ይስጡኝ፤ በቀጥታ ወደ ጣሊያንኛ እመልሰዋለሁ።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን እንግሊዝኛ ያስተማርኩት ለጌጥ ነው? በዚያ ላይ ታፔላህ ምን ይላል?»

በገዛ ታፔላዬ ተረታሁ። ስለዚህ ወይዘሮ አስቴር በሲዳምኛ ይናገራሉ፤ መምህር በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ፤ እኔ ወደ ጣሊያንኛ እመልሳለሁ። አንዲት ሰላምታ ከሐዋሳ ሳትወጣ ሦስት ልብስ ትቀይራለች። ቢሆንም ደረሰች። እናት «በልተሃል ወይ?» ይላሉ፤ ልጅ የበላውን በፎቶ ይልካል፤ እናት ፎቶውን አይተው «ይህ ምግብ ነው ወይስ የምግብ ሽታ?» ይላሉ። አዝለውት ታቦር ተራራ ላይ ይወጡ እንደነበር ነገሩት፤ ሲመጣ አብረው ሊወጡ ቃል ገቡለት። ልጁ የተራራ ጫማ ገዝቶ ፎቶውን ላከ። ጫማው ታቦርን ራሱን የሚያህል ነው። ወይዘሮ አስቴር ስልኩን ለጎረቤት ሁሉ ሲያሳዩ ዋሉ።

አንድ ቀን መምህር ማርቆስ ሸሚዛቸው ሳይተኮስ መጡ። እሳቸው ያልተተኮሰ ሸሚዝ ከሚለብሱ ሐይቁ ቢደርቅ ይቀላል። ሐኪሞቹ እህታቸውን «ወደ ቤት ውሰዷቸው» ብለዋል። ወረቀቱን ዘረጉልኝ። በእንግሊዝኛ እንዲህ ይላል፦ «እናትህን ትንሽ አሟታል። ጊዜ ካገኘህ መጥተህ ብትጠይቃት።»

አንባቢዬ፣ ያገሬ ሰው ከሆንክ ገና እዚህ ላይ ነጠላህን መፈለግ ጀምረሃል። ያልተጻፈውን ሁሉ አንብበሃል። እኔም አንብቤዋለሁ፤ እንባዬ እየመጣ ነው የተረጎምኩት። «ትንሽ» ለሚለው የጣሊያንኛውን ትንሽ፣ «ጊዜ» ለሚለው የጣሊያንኛውን ጊዜ አስቀመጥኩ። አንድ ቃል አልዘለልኩም፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ላክነው። ልጁ ዛሬ ማታ አውሮፕላን ላይ ነው ብለን ተለያየን።

መልሱ በማግስቱ መጣ። «በመስማቴ አዝናለሁ። ብዙ ውኃ ትጠጣ፣ ትረፍ። የዓመት ፈቃዴ በበጋ ነው፤ ያን ጊዜ እመጣለሁ። ሳምልኝ።»

መምህር ማርቆስ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ውኃ ትጠጣ?»

«ውኃ ትጠጣ ነው የሚለው።»

«ይህ ልጅ ድንጋይ ነው እንዴ? እናቱ እየሞተች ፈቃድ ይጠብቃል?»

«መምህር፣ እንዲህ እንበለው፣ እናትህ አትድንም፣ አሁኑኑ ና...»

«ዝም በል! እህቴን በቁሟ ልትቀብራት ነው? ሟርተኛ! ይህ እኮ ወረቀት ላይ የሚጻፍ ነገር አይደለም። ሰው ከሆነ ይገባዋል።»

እውነታቸውን ነው፤ እዚህ ሰው ከሆነ ይገባዋል። ላስረዳቸው ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ጠመኔው ትዝ አለኝና ዘጋሁት። ሁለተኛውን መልእክት ጻፍን፦ «ትንሽ ብሶባታል፤ ብታይህ ደስ ይላታል።» ልጁ ደስ አለው። ደስታዋ ከሆነማ ብሎ ፈቃዱን ወደ ወሩ መጨረሻ አምጥቶ ትኬት ቆረጠ። ወሩ ደግሞ ገና መጋመሱ ነበር።

ልጠይቃቸው ስሄድ ወይዘሮ አስቴር ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ትንሽ ሆነዋል፤ እዚህ ላይ አላጋንንም።

«ልጄ፣ ጫማውን ገዝቷል አይደል?» አሉኝ።

«ገዝቷል፣ እማማ።»

«እንግዲያው ይመጣል።»

አልጠበቁትም። ልጁ ሊነሳ ጥቂት ቀን ሲቀረው አረፉ። «አሁንስ እንደውልለት?» አልኩ። መምህር ማርቆስ፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ «በባዕድ አገር፣ ለብቻው፣ በስልክ መርዶ ይነገራል? አጠገቡ የሚይዘው ሰው በሌለበት?» አሉኝ። መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ሰው ሳይበላና ሳይበተን የሚነገር ነገር ነው፤ ለደግነት የተሠራ ሥርዓት ነው።

ዳቪዴ ከሰዓት በኋላ ሐዋሳ ገባ። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ዓይኑ የእናቱ ነው፤ እግሩ ላይ ያ ጫማ አለ። እቤት ድንኳን ስለተተከለ በቀጥታ ሆቴል አሳረፍነው፤ ዓሣ አበላነው። ሻንጣውን ከፍቶ የሱፍ ሻርፕና የደም ግፊት መለኪያ አሳየን። መምህር ማርቆስ ሻርፑን በእጃቸው ዳብሰው ወደ ሐይቁ ዞሩ። እዚያ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ራሰ በራውን አቀርቅሮ ቆሟል፤ እሱም ለቅሶ የመጣ ይመስላል።

«መቼ ነው የማያት?» አለ ልጁ።

ተረጎምኩ።

«ነገ በማለዳ» አሉ መምህር።

ተረጎምኩ። አሁንም አንድ ቃል አልተሳሳትኩም።

በማለዳው አራት ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው፣ መምህር ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን በሩን አንኳኳን። ዳቪዴ ጫማውን አስሮ ተዘጋጅቶ ነበር። እናቱ ጋ ሊወስዱት የመጡ መስሎት አራቱንም እየሳቀ አቀፋቸው። ሻርፑን ከአልጋው ላይ አነሳ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሳቁ ፊቱ ላይ ቦታ እያጣ ሄደ። መምህር ማርቆስ ወደ እኔ ዞሩ።

«ንገረው።»

ጋሽ ዘርይሁን ያስተማሩኝ ቃል ሁሉ፣ ያ ሁሉ ብሎን፣ ያ ሁሉ ሊጥ፣ ጥሎኝ ጠፋ። «ሞርታ» አልኩ፤ ሞታለች። ቃሉ ለአማርኛችን ቅርብ ነውና ሽማግሌዎቹ ሳይተረጎምላቸው ጮኸው አለቀሱ። ልጁ ግን አላለቀሰም። በጣሊያንኛ፣ ቀስ ብሎ፣ «ትንሽ ብለህ እኮ ነው የጻፍከው» አለኝ።

መርዶው በተነገረ በሦስተኛው ቀን ጋሽ ዘርይሁን ቤት ሄድኩ። የላክናቸውን መልእክቶች አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«ቃሉ ትክክል ነው» አሉ።

«ትክክል ነው አይደል ጋሼ?»

«ስታነብለት ወንበሩ ላይ ማን ነበር?»

ወረቀቶቹን ማጣጠፍ ጀመርኩ።

«አሼ፣ ማን ነበር?»

«ፕሪንተር።»

የሚቆጡ መስሎኝ ጠበቅኩ። አልተቆጡም፤ ያ ነው ያስደነገጠኝ። «ፕሪንተር አንብቦ አይነሳም» ብለው ሻይ እንዲመጣልኝ አዘዙ።

ያን ዕለት ፕሪንተሩን መሬት ላይ አወረድኩት። ዳቪዴ ሊሄድ ሲል ሊሰናበተኝ ቢሮ መጣ፤ ወንበሩን ሳብኩለት። በዚያ ወንበር ላይ በሥጋ የተቀመጠ የመጀመሪያው አንባቢ እሱ ነው። አልተቆጣኝም፤ መምህርንም አልተቆጣቸውም። ሲያዝን የከረመ ሰው እንዴት እንደሚጠይቅ ጠየቀኝ፦

«እዚህ ሰዎች ‹ትንሽ› ሲሉኝ ምን ልረዳ?»

ስለ ባህላችን አንድ መጽሐፍ የሚያህል ንግግር ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፤ ዋጥኩት።

«ጫማህን አድርግ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት በደህና ሠራሁ። ለወንበሩ ሳላነብ የላክሁት ወረቀት የለም። ደንበኞቼ ግን እየሳሱ ሄዱ። በመጨረሻ የሚመጡት ስልካቸው የተረጎመውን ይዘው «ማኅተም ብቻ ምታልን» የሚሉ ሆኑ። መምህር ማርቆስም ስልክ ገዝተው ቀሩብኝ። ሲያገኙኝ «አንተ ልጅ፣ ይኸው ስልኬ ጣሊያንኛ ከአንተ ይሻላል፤ በዚያ ላይ አይከራከረኝም» ይሉኛል።

ባለፈው ሰሞን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የቢሮዬ በር ተከፈተና ዳቪዴ ገባ። ጥቁር ሱፍ፣ ጥቁር ከረባት፤ ዓይኑ አብጧል። ምንም ሳይለኝ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ።

«አጎቴ» አለ።

ክው ብዬ ቀረሁ። መምህር ማርቆስ ሞተዋል፣ እኔ ፒያሳ ተቀምጬ አልሰማሁም! ጮህኩ። ጩኸቴን ሰምተው የፎቶ ቤቱ ባለቤት ወጡ፤ ነገሩን ሲሰሙ እሳቸውም ጮኹ፤ የመምህር ተማሪ ያልነበረ የፒያሳ ሰው የለምና ደረጃው በለቃሽ ሞላ። በባጃጅ እያለቀስን ቤታቸው ደረስን። ድንኳን የለም፤ በሩ ተቆልፏል። «ወይኔ፣ ወደ ቀብር ወስደዋቸዋል!» አልኩ። የጎረቤት ሴትዮ በአጥር ብቅ አሉ።

«ማንን ነው የምትፈልጉት? መምህርን? ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ሊበሉ ሄደዋል።»

አገኘናቸው። ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው፣ ፊታቸው የተጠበሰ ዓሣ፣ አጠገቡ ዳጣ በሰሐን ሙሉ፣ አፍንጫቸው እንደ ሐምሌ ጣራ ይፈሳል። ጥቁር የለበሰውን የእህታቸውን ልጅ፣ ከኋላው እኔን፣ ከእኔ ኋላ የፎቶ ቤቱን ባለቤት፣ ሁላችንም እያለቀስን ሲያዩን፣ በድንጋጤ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«ማን ሞተ?!»

«እርስዎ!» አልኩ።

«እኔ?»

«ምን ብለው ነው የጻፉለት?»

«ምን እላለሁ? ጉንፋን ይዞኛል፤ ትንሽ አሞኛል አልኩት። በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፣ ስልኩ ተረጎመው፣ አበቃ።»

ስልካቸውን ነጠቅኳቸውና ጣሊያንኛውን አነበብኩት። ያን ጊዜ ስለ ወይዘሮ አስቴር የጻፍኩት «ትንሽ» ራሱ ነው። ስልኩ አንድ ቃል አልተሳሳተም። ወንበር የለው፣ ሊጥ አልነካ፣ ብሎን አልተዘረገፈበት። ቃሉ ያው ነው፤ አንባቢው ግን ያ አይደለም። ይኸው ከነጥቁር ሱፉ ፊቴ ቆሟል።

መምህር ማርቆስ ነገሩ ቀስ እያለ ገባቸው። ልጁን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ከረባቱን ነኩት። «ለእኔ ነው?» አሉ። ከዚያ እንባቸው ወረደ፤ «ዳጣው ነው፣ ዳጣው ነው» እያሉ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። ዳቪዴ አጠገባቸው ሣሩ ላይ ቁጭ አለና እጃቸውን ይዞ አልለቅም አለ። ትኩስ እጅ ነው፤ የዳጣ እጅ። ዓሣውን ከአጥንቱ ለይተው አጎረሱት፤ አፉ ተቃጥሎ እያለቀሰ ሳቀ፣ እየሳቀ አለቀሰ።

ታፔላውን ለማውረድ የወሰንኩት እዚያው ሣሩ ላይ ነው። የሚቀረኝ ሥራ አልነበረም።

«ግን ለምን አልደወልክም?» አልኩት በጣሊያንኛ። «አንድ ስልክ ብትደውል እኮ ይህ ሁሉ ለቅሶ ይቀር ነበር።»

«‹ትንሽ› አሉኝ እኮ» ብሎ እግሩን ዘረጋ። ከጥቁሩ ሱፍ ሥር ያ የተራራ ጫማ ነው።